ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ ያዩትን መግለጽ (የቤተሰብ አልበምና የጭነት ሥራ)

በዐሥረኛው ትምህርት ተራኪ ድርሰትን አጥንታችኋል። ተራኪ ድርሰት «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያለ ለሚጠይቅ አንባቢ መልስ የሚሰጥ መሆኑንም ተገንዝባችኋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ገላጭ ድርሰት ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «የታየው ነገር ምን ይመስላል? ሥራውስ እንዴት ይሠራል?» የሚለው ነው። ሁለቱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ቢሆንም ለጥናት እንዲያመች ለየብቻ እንይዛቸዋለን።

በማስተምርበት ዘመን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ቤታችሁን ግለጹ» የሚል ርእስ ሰጥቼ ነበር። ከሰበሰብኋቸው ደብተሮች የሚበዙት «ቤታችን በጣም ቆንጆ ነው» በሚል ዐረፍተ ነገር ይጀምሩ ነበር። ይህ በጣም ቆንጆ የሆነው ቤት የማን እንደሆነ ለማወቅ የደብተሩን ሽፋን እየገለጥሁ ስም መመልከት ነበረብኝ። አንዲት ተማሪ ብቻ «የቤታችን በር ሲከፈት ወለሉን ስለሚፍቅ በሲሚንቶው ላይ የሩብ ክብ መሥመር ሠርቷል» ብላ ጻፈች። የእርሷን ቤት በእግሬ ረግጬው አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በሩ ሲከፈት ባይ የማውቀው ይመስለኛል። ገላጭ ድርሰት የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚገኙት ሁለት ምንባቦች በአንድ ተማሪ አንደበት ለዚህ ትምህርት የተዘጋጁ ናቸው። በመጀመሪያ ምንም ሳትጽፉ አንብቧቸው። በሁለተኛው ንባባችሁ ግን የዐረፍተ ነገሮቹን ማሰሪያ አንቀጾች በእርሳስ አስምሩባቸው፤ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ምንባብ አንድ
አልበሙ

ሴት አያታችንን እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። የእማማ አልበም በሣጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሽፋኑ ቀይ ከፋይ ነው፤ ማዕዘኖቹ ግን ከመነካካት ብዛት ተመልጠው ካርቶኑ ይታያል። ገጾቹ ጥቁር ወረቀት ናቸው። ፎቶግራፎቹ አራት ማዕዘናቸው በትንንሽ የወረቀት ኪሶች ተይዞ ተቀምጠዋል፤ ጠርዛቸውም እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው።

ባለፈው ክረምት ጣሪያችን አፍስሶ ሣጥኑን አረጠበው። አልበሙን አውጥተን ገጾቹን አንድ በአንድ ማድረቅ ግድ ሆነብን። እማማ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ፎቶግራፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያያሉ፤ የሰዎቹንም ስም ይነግሩኛል፤ እኔም እጽፋለሁ።

በአንደኛው ላይ እናቴ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች በፎቶ ቤት ውስጥ ቆማለች። ነጭ ካልሲ አድርጋለች፤ ገመዱ ከምንም ያልተያያዘ የስልክ መነጋገሪያ ከጆሮዋ ላይ ይዛለች። ከበስተኋላዋ በቀለም የተሣለ ደረጃና የዘንባባ ዛፍ ይታያል። በሌላው ላይ አጎቴ የምረቃ ካባ ለብሷል። ከዚህ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ አንድ አፍንጫው የረዘመ የጭነት መኪና አለ። «ትሬንታ ኳትሮ ነው» አሉ እማማ፣ ሳልጠይቃቸው።

ከመኪናው ፊት አራት ሰዎች ቆመዋል። ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈዋል።

«መካከለኛው አያትህ ናቸው። ያን ጊዜ በእህል በረንዳ ጆንያ ይሸከሙ ነበር።»

አራተኛው ሰው ከሦስቱ ጥቂት ፈንጠር ብሎ ቆሟል። ባዶ ጆንያ እንደ ቆብ አጥፎ ራሱ ላይ ደፍቷል። እጆቹን ወደ ታች ለቅቋል፤ መዳፎቹ ሰፋፊ ናቸው። አይሥቅም፤ ካሜራውንም አያይም፤ የሚያየው አያቴን ነው።

«ይኼኛውስ ማን ነው?» አልኋቸው።

«እርሱማ አሸካሚያቸው ነበር። አያትህ ሌላ ሰው ጆንያ እንዲያሸክማቸው አይወዱም ነበር። እዚህ ቤት እየመጣ ስንት ቀን ቡና ጠጥቷል! እናትህን በትከሻው ተሸክሞ ጥምቀት አሳይቷታል።» ጥቂት ዝም አሉ። «ስሙ ጠፋኝ።»

ፎቶግራፉን ገለበጥሁት። በጀርባው ላይ የነበረው ጽሕፈት በውኃው ፈስሶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆኗል። እማማ እስኪመሽ ድረስ «ቆይ፣ ይመጣልኛል» እያሉ ስም ይጠሩ ነበር፤ የጠሩትንም ሁሉ «አይ፣ እርሱ አይደለም» እያሉ መልሰው ይተዉት ነበር። ከፎቶግራፉ ግርጌ ሦስት ስም ጽፌ ለአራተኛው ቦታ ተውሁለት።

ምንባብ ሁለት
በእህል በረንዳ

ቅዳሜ ጠዋት ፎቶግራፉን በደብተሬ መካከል አድርጌ ወደ መርካቶ፣ ወደ እህል በረንዳ ሄድሁ። ከድሮ ሠራተኞች አንዱ ሰውየውን ያውቀው ይሆናል ብዬ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ጀርባውን ወደ መጋዘኑ በር አዙሮ ቆሟል። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ጤፍ ይጭናል። ከመሬት እስከ መኪናው ወለል ወፍራም ሳንቃ ተጋድሟል። ከበሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጆንያ ባለፈ ቁጥር በበሩ እንጨት ላይ በጠመኔ አንድ መሥመር ያሠምራሉ።

ተሸካሚው ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ አስደግፎ ይጠብቃል። ሁለቱ አሸካሚዎች ጆንያውን ከግራና ከቀኝ ይዘው፣ «አንድ፣ ሁለት» ብለው፣ ከመሬት አንሥተው ከጀርባው ላይ ያሳርፉታል። ጉልበቱ ለአፍታ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ አንድ እጁን ወደ ኋላ አዙሮ የጆንያውን ጫፍ ይጨብጥና በአጫጭር እርምጃ ወደ ሳንቃው ይሄዳል። ሳንቃው መካከሉ ላይ ይለምጣል፤ ይጮኻል። ከላይ የቆመው ደርዳሪ ጆንያውን ተቀብሎ በቦታው ያጋድመዋል። አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ከበላዩ ያለውን ረድፍ አግድም እያደረገ፣ ልክ እንደ ጡብ ግንብ ያሳስረዋል።

«ሰው የሚሰበረው ተሸክሞ ሲሄድ ይመስልሃል?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ጠመኔያቸውን ሳያስቀምጡ። «አይደለም። ከመሬት ሲያነሣ ነው የሚሰበረው። ከጀርባ ላይ በደንብ የተቀመጠ ሸክም ይሄዳል። ስለዚህ የተሸካሚ ወገብ ያለው በአሸካሚው እጅ ነው።»

ይህን ተናግረው ገና አልጨረሱም። ከአሸካሚዎቹ አንዱ፣ ወጣቱ፣ ሰው ሲጠራው ዘወር አለና እጁን ቀድሞ ለቀቀ። ጆንያው ወደ አንድ ጎን አጋደለ። ተሸካሚው ሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ጆንያው ከአጠገቡ ተዘርግፎ ስፌቱ ተተረተረ። ጤፉ ድምፅ ሳያሰማ በመሬቱ ላይ ፈሰሰ። ባለ እህሉ ወደ ጤፉ ሮጠ። ሽማግሌው ወደ ሰውየው ሄዱ። ሰውየው አንድ እጁን በወገቡ ላይ አድርጎ፣ ለማንም ሳይመልስ፣ ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወጣቱ አሸካሚ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

እኩለ ቀን ላይ ሥራው ቀጠለ፤ ተሸካሚው ግን ጥግ ይዞ እንደ ተቀመጠ ነበር። ፎቶግራፉን ለሽማግሌው ያሳየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ፀሐይ ወዳለበት አዙረው ብዙ ተመለከቱት።

«አያትህን አውቃቸዋለሁ። ይኼንን ሰው አላውቀውም። የት ሠፈር ይኖር ነበር?»

«አላውቅም።»

«እናትህን ጠይቃት» አሉና ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ይዘው መለሱልኝ።

የቃል ጥናት

በምንባቦቹ ውስጥ ተሸከመና አሸከመ የተባሉትን ሁለት ግሶች አገኛችሁ። ብዙ ተማሪዎች አሸከመ ማለት «ሌላውን እንዲሸከም አዘዘ» ማለት ብቻ ይመስላቸዋል። በጭነት ሥራ ላይ ግን አሸካሚ የሚባለው ሸክሙን ከመሬት አንሥቶ በሌላው ሰው ጀርባ፣ ትከሻ ወይም ራስ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ውኃ ቀድታ እንስራዋን ብቻዋን ለማንሣት ያቃታት ሴት መንገደኛውን «እባክህ አሸክመኝ» ብትለው ይህንኑ እርዳታ መጠየቋ ነው። የፎቶግራፉ አራተኛ ሰው ማን እንደነበረ የሚገልጸው ዋናው ቃል ይህ በመሆኑ፣ ትርጉሙን የሳተ አንባቢ የምንባቡን ግማሽ ይስታል።

ጫነ ከተባለው ግስም ብዙ ቃላት ይወጣሉ። ጭነት የሚጫነው ነገር ነው፤ ጫኝ የሚጭነው ሰው ነው፤ መጫኛ ጭነት የሚታሰርበት ጠፍር ወይም ገመድ ነው፤ ጫና ደግሞ ከዕቃ አልፎ በሰው ላይ ለሚደርስ ክብደት ሁሉ የሚነገር ቃል ነው። አስጫነ፣ ተጫነ፣ ተጫጫነ የሚሉትን ጨምራችሁ ተመልከቱ። «እንቅልፍ ተጫጫነው» ስንል ጆንያም ሆነ ገመድ የለም፤ ቃሉ ግን ክብደቱን ይዞ መጥቷል።

ሸክምን የሚያነሣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚል ተረት ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። ትርጉሙን ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። እኔ እንድታዩ የምፈልገው ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው መሆኑን ነው። «ነው» የሚለው ቃል ቀርቷል፤ ሆኖም ማንም ሰሚ አልጎደለበትም። በተረትና በምሳሌ እንዲህ ማሳጠር ያምራል፤ በድርሰታችሁ ውስጥ ግን ማሰሪያ አንቀጽ እየጣላችሁ «እንደ ተረቱ ነው» ብትሉ መምህራችሁ አይቀበላችሁም።

የአንቀጽ ጥናት፤ ቆሟል፣ ይቆማል፣ ቆመ

አሁን ያሠመራችሁባቸውን ማሰሪያ አንቀጾች ተመልከቱ። የፎቶግራፎቹ መግለጫ ሲነገር ቆማለች፣ አድርጋለች፣ ይዛለች፣ ለብሷል፣ ቆመዋል፣ ተቃቅፈዋል፣ ደፍቷል እያለ ሄዷል። እነዚህ ሁሉ ከቦዝ አንቀጽና «አለ» ከሚለው ቃል የተገጣጠሙ ናቸው። ቆሞ ከአለ ጋር ሲጋጠም ቆሟል፣ ለብሳ ከአለች ጋር ስትጋጠም ለብሳለች ይሆናል።

ለመሆኑ በፎቶግራፍ መግለጫ ላይ ይህ አንቀጽ የተመረጠው ለምንድን ነው? «እናቴ ነጭ ካልሲ አደረገች» ብንል፣ ካልሲውን ከእግሯ ያስገባችበትን ድርጊት እንናገራለን፤ ፎቶግራፉ ግን ያን አያሳይም። «ታደርጋለች» ብንልም ልማዷን ወይም ወደ ፊት የምትሠራውን መናገራችን ነው። «አድርጋለች» ስንል ብቻ ድርጊቱ ተፈጽሞ ውጤቱ በዓይናችን ፊት ይቆያል። ስለዚህ ለበሰ፣ ያዘ፣ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተደገፈ፣ ተሸከመ የመሳሰሉት ግሶች፣ አካልን በአንድ ሁኔታ አሳርፈው የሚተዉት ሁሉ፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ በሚገለጽበት ጊዜ ይህን አንቀጽ ይፈልጋሉ። ሰውየው ከሞተ ብዙ ዘመን ቢያልፍም በፎቶግራፉ ውስጥ ዛሬም ቆሟል።

ሆኖም ሁሉም ግስ እንዲህ አይደለም። በፎቶግራፍ ላይ ቁራሽ እንጀራ ወደ አፉ የሚያደርስ ልጅ ብታዩ «በልቷል» ልትሉ አትችሉም፤ በልቷል ማለት ጨርሶ እጁን ታጥቧል ማለት ነውና። እዚህ ላይ «እየበላ ነው» ወይም «በመብላት ላይ ነው» ማለት ይገባል። ሮጠ፣ ጻፈ፣ ዘፈነ የሚሉትን ግሶች በዚሁ መንገድ ፈትኗቸው። ለውጭ አገር ሰው አማርኛ ስታስተምሩ ከሁሉ የሚያስቸግራችሁ ይህ ይሆናል፤ እናንተ ግን ከእናታችሁ አፍ ስለ ተቀበላችሁት ሳታስቡት ታውቁታላችሁ። ችግራችሁ በወረቀት ላይ ስትጽፉ የምታውቁትን መተዋችሁ ነው።

የሁለተኛው ምንባብ አንቀጽ ደግሞ የተለየ ነው። በጭነት ሥራ ላይ አካል አያርፍም፤ አንዱ እንቅስቃሴ ሌላውን ይወልዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ቦዝ አንቀጽን እየደረደረ፣ በመጨረሻ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ይዘጋዋል፦ «ይዘው፣ ‹አንድ፣ ሁለት› ብለው፣ ከመሬት አንሥተው ከጀርባው ላይ ያሳርፉታል።» ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ አንባቢውም ማሰሪያውን እስኪያገኝ ድረስ ጆንያውን በአየር ላይ ይዞ ይጠብቃል።

ነገር ግን ጆንያን በአየር ላይ ለረዥም ጊዜ መያዝ አይቻልም። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ከአንድ ተማሪ ደብተር ገልብጬዋለሁ፦ «ጆንያውን አንሥቶ ተሸክሞ በሳንቃው ላይ ወጥቶ አራግፎ ተመልሶ ሌላ ተሸክሞ ደክሞት ላብ አልቦት ተቀመጠ።» ስሕተቱ ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ቦዝ እኩል ክብደት ስላገኘ የትኛው ዋና ድርጊት እንደሆነ አይለይም። ከዚህም በላይ እስከ «ተሸክሞ» ድረስ ባለቤቱ ሰውየው ሆኖ ሳለ፣ በ«ደክሞት» ላይ ሲደርስ ሰውየው ተሳቢ ሆኗል፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ልብ በሉ። ይህ በንግግር ያልፋል። በጽሑፍ ግን እኔ የምመርጠው፣ ባለቤቱ ሲለወጥ ወይም ቦዙ ከሦስትና ከአራት ሲያልፍ፣ ማሰሪያ አስገብቶ አዲስ ዐረፍተ ነገር መጀመር ነው።

በምንባቡ ውስጥ ጆንያው ሲወድቅ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ምን እንደሆነ አስተውላችኋል? «ባለ እህሉ ወደ ጤፉ ሮጠ። ሽማግሌው ወደ ሰውየው ሄዱ።» ቦዝ የለም፤ ቅጽልም የለም። ጸሐፊው «ባለ እህሉ ጨካኝ፣ ሽማግሌው ደግሞ ርኅሩኅ ነበሩ» ብሎ ቢጨምር ኖሮ፣ እኛ ራሳችን ያየነውን መልሶ ይነግረን ነበር።

ስለ ጉዳዩ ጥቂት ማብራሪያ

የሚገልጹትን ነገር ሳያውቁ መግለጽ አይቻልም። ከላይ እንደ ጠቀስሁት ያለ ደካማ ድርሰት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዋስው እጥረት ሳይሆን ከዕውቀት እጥረት ነው። «ጆንያው በጣም ከባድ ነው» ከማለት «አንድ ኩንታል ነው» ማለት ይበልጣል። ኩንታል 100 ኪሎግራም ነው። አንድ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎግራም፣ ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ ደግሞ 60 ኪሎግራም ይመዝናል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቁጥር 128 የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ በሰውነቱ የሚያጓጉዘው ጭነት ከ55 ኪሎግራም የሚበልጥ ሆኖ ከተገኘ በተቻለ ፍጥነት ወደዚያ ልክ ዝቅ እንዲደረግ መክሯል። እንግዲህ የጤፉን ኩንታል ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሠላሳ ጊዜ በሳንቃው ላይ የወጣ ተሸካሚ በዚያ ቀን 3,000 ኪሎግራም አሳልፏል፤ «በጣም ከባድ» የሚለው ሐረግ ይህን ሊናገር አይችልም።

የሽማግሌው ንግግርም ከሥራ የተገኘ ዕውቀት ነው። ሰው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ላይ ዕቃ ሲያነሣ፣ ዕቃው ከሰውነቱ በራቀ መጠን በታችኛው አከርካሪ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይባዛል። በፊዚክስ ትምህርታችሁ ስለ ማንሻ የተማራችሁት ነው። ሸክሙ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ግን ክብደቱ ወደ እግሮች በቀጥታ ይወርዳል። የደርዳሪውም ሥራ እንዲሁ ነው። ረድፎቹ እንደ ጡብ ካልተሳሰሩ በመንገድ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም ከመጠን በላይ ከፍ ካለ መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይገለበጣል፤ ከኋላ ጎማዎች አልፎ ወደ ኋላ ከበዛም የፊት ጎማዎች ይቀሉና መሪው አይታዘዝም። ደርዳሪ በመኪናው ላይ ሆኖ የሚሠራውን ስሕተት የሚከፍለው ሾፌሩ ነው።

ስለ አልበሙ ደግሞ አንድ እርማት አለኝ። እማማ የረጠበውን ፎቶግራፍ ከምድጃ አጠገብ ማድረቃቸው ልክ አይደለም፤ ሙቀት ወረቀቱን ይጠቀልለዋል፣ ጢሱም ያጠቁረዋል። የረጠበ ፎቶግራፍ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ በንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ በጥላ ሥር ቢነጠፍ ይሻላል። እርስ በርሱ የተጣበቀውን በኃይል መለያየት ምስሉን ይገፈዋል። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ምስሉን የሚሠራው ብር ስለሆነ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ባለ ቀለሙ ግን ኅብሩ በብርሃን እየደበዘዘ ይሄዳል። በየገጹ ሙጫ ያለበት አልበም ለመለጠፍ ቢቀልም ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ፎቶግራፉን ይጎዳል። በጀርባ ላይ ስም ለመጻፍም ቀለም ሳይሆን ለስላሳ እርሳስ ተጠቀሙ፤ እርሳስ ውኃ ቢነካው አይፈስም። የምንባቡ ተማሪ ቤት ይህን ቢያውቅ ኖሮ የአራተኛው ሰው ስም ባልጠፋ ነበር።

በአገራችን ፎቶግራፍ ለረዥም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጉዳይ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በአዲስ አበባ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቦያጂያን የተባለው የአርመን ቤተሰብ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ታውቋል። ጆንያ ተሸካሚው ወደ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ወይም ፎቶ አንሺ ወደ እርሱ መጥቶ፣ መልኩ በወረቀት ላይ ለመቅረት የበቃው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በዚያም ላይ ለተራ ሰው ፎቶግራፍ መነሣት ከገበያ ወጪ የሚቀነስ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። አራቱ ሰዎች በመኪናው ፊት ቀጥ ብለው የቆሙት በከንቱ አይደለም። ዛሬ በስልክ በቀን መቶ ምስል ማንሣት ይቻላል፤ የስልክ ምስል ግን ስም የሚጻፍበት ጀርባ የለውም።

መልመጃ

1. በምንባብ አንድ ውስጥ የሚገኙትን ከቦዝና ከ«አለ» የተገጣጠሙ ማሰሪያ አንቀጾች በሙሉ በደብተራችሁ ጻፉ። ከመካከላቸው ፎቶግራፍን የማይገልጹ አሉን? ካሉ፣ ለምን በዚህ አንቀጽ እንደ ተነገሩ አስረዱ። («ቡና ጠጥቷል» የሚለውን አትለፉት።)

2. ከደብተር የገለበጥሁትን ረዥም ዐረፍተ ነገር በሦስት ወይም በአራት ዐረፍተ ነገሮች ከፍላችሁ ጻፉት። «ደክሞት» እና «አልቦት» የሚሉትን ቃላት አውጥታችሁ፣ ድካሙ በእግሩ፣ በእጁ ወይም በአተነፋፈሱ እንዲታይ አድርጉ።

3. አሸከመና አስጫነ በሚሉት ግሶች ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ። በእያንዳንዱ ውስጥ ማን ምን እንደሠራ በግልጽ ይታወቅ።

4. ወጣቱ አሸካሚ ጆንያው ከወደቀ በኋላ ከቆመበት አልተነቃነቀም። በዚያን ጊዜ ያየውን ብቻ፣ የተሰማውን ሳትጠቅሱ፣ በስምንት መሥመር ግለጹ። «አዘነ»፣ «ተጸጸተ»፣ «ፈራ» የሚሉት ቃላት በዚህ መልመጃ ውስጥ አይፈቀዱም።

5. በሠፈራችሁ ከሚሠሩት የጉልበት ሥራዎች አንዱን፣ ድንጋይ መጫንን፣ እንጨት ማውረድን፣ በአህያ እህል ማስፈጨትን ወይም ሌላ የምታውቁትን፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ተመልከቱ። ሠራተኞቹ ለመሣሪያዎቻቸውና ለእንቅስቃሴያቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።

6. በቤታችሁ ካለ ፎቶግራፍ ውስጥ ስሙን የማታውቁት ሰው ያለበትን አንዱን ምረጡ። ፎቶግራፍ የሌለው ተማሪ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ሊዋስ ይችላል። በመጀመሪያ ማንንም ሳትጠይቁ ሰውየውን በዐሥር መሥመር ግለጹ። ቀጥላችሁ በቤተሰባችሁ ውስጥ በዕድሜ ትልቅ የሆኑትን ሰው ጠይቃችሁ የነገሯችሁን በእርሳስ በጀርባው ላይ ጻፉ። ድርሰቱን ለመምህራችሁ ስታስረክቡ ፎቶግራፉን ከእርሱ ጋር አታያይዙ፤ ወደ ቤት መልሱት።